ስሚ ሲሉኝ ድንጋይ አመጣሁ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ ስለ መኪና የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። ነገሩ ከደረሰ አራት ዓመት አለፈው። አሁንም ግን ወደ ሱሉልታ በወጣሁ ቁጥር ያ ዳገት ላይ ስደርስ ብቻዬን እስቃለሁ። አጠገቤ ሰው ካለ ደግሞ ታሪኩን ሳልነግረው አላወርደውም። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በራሴ ነው። ስፌቱንም በራሴ፣ መኪናውንም በራሴ። ሰበታ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው የምኖረው፤ መኪናዬም በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማታንስ ቀይ አሮጊት ናት። መካኒክ ቤት መመላለስ ሲሰለቸኝ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ የመኪና በሽታ ማጥናት ጀመርኩ።

ደብተርም ነበረኝ። በግራ በኩል ድምፁን እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል በሽታውን። «ሲጢጥ፦ ቺንጋ ላልቷል።» «ቡፍ ቡፍ፦ ማርሚታ ተቀዷል።» «ጓጓጓ፦ ኩሽኔታ።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ደብተሩን ባየ ቁጥር «ዶክተርዬ፣ እኔንም ጨጓራዬን አዳምጪልኝ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የዚያን ሰሞን ታዲያ አንድ ትልቅ ሕክምና አካሂጄ ነበር። ከሞተሩ ሥር የሚታሰር ሰፊ ፕላስቲክ አለ። የእኔዋ ቡሎኑ ላልቶ ኮረት መንገድ ላይ ስሄድ ይንቀጫቀጫል። ሥሯ ገብቼ ፈትቼ አወጣሁት። ድምፁ ጥፍት አለ! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፕላስቲኩን ጓሮ ወስጄ ለዶሮዎቼ መመገቢያ አደረግሁት።

«መልሰሽ እሰሪው እንጂ፣ የሠራት ሰው ለጌጥ አላደረገላትም» አለኝ ዳንኤል።

«አንተ ስለ ሙሽራህ አስብ» አልኩት።

ስለ ሙሽራው ያልኩት ያለምክንያት አልነበረም። ዳንኤል ሃና የምትባል የሱሉልታ ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ ልከን ነበር። የሃና አባት አቶ በላይ ልባቸው ደግ ነው ይባላል፣ በሰዓት ግን ቀልድ አያውቁም። የመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ «እናስብበት» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ይህ ወጉ ነው፤ አልከፋንም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው። አቋራጭ አውቃለሁ ብዬ በቡራዩ በኩል አዙሬ አዙሬ ገፈርሳ ግድቡ ዳር አወጣኋቸው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከነነጠላቸው ውሃ ሲያዩ ቆሙ። ሱሉልታ ስንደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍደናል። አቶ በላይ በር ላይ እንደቆሙ «ሰዓት የማያከብር ቤት ልጄን አያከብርም» አሉና ሳያስቀምጧቸው መለሷቸው። ስንት ሰው ተለማምጦ ነው ሦስተኛ ቀጠሮ የተገኘው። «ቅዳሜ አራት ሰዓት። ከአራት ሰዓት በኋላ በሬ ዝግ ነው» ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ ስንነሳ ዳንኤል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ በእናትሽ፣ አቋራጭ እንዳትፈልጊ» አለኝ። ዓይኑን ሳየው እንቅልፍ እንዳልወሰደው አወቅሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት ሃናን ቢያጣ ምን ብዬ አየዋለሁ?

ከፊት ከእኔ ጋር የተቀመጡት አጎታችን ጋሽ ተሾመ ነበሩ፤ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው። ከኋላ ጡረታ የወጡት መምህር ጌታቸውና ጎረቤታችን ሐጂ ሙስጠፋ አሉ። ሦስቱም አዲስ አበባ ተወልደው፣ አርጅተው፣ በቅርቡ ሰበታ ቤት ሠርተው የገቡ ናቸው።

አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሰማሁት።

ጢቅ። ጢቅ። ጢቅ።

ነዳጅ ጨመርኩላት። ጢቅጢቅጢቅጢቅ አለች። ቀነስኩላት፣ ቀነሰች።

«ሰናይት፣ ይሄ የምሰማው ከእሷ ነው ከእኔ ጉልበት?» አሉ ጋሽ ተሾመ።

ዳር ይዤ አቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ደብተሬን አገላበጥኩ፤ እንዲህ ያለ ጢቅታ የለበትም። ቡራዩ ያለው መካኒኬ ሶል ዘንድ ደወልኩ።

«ሶልዬ፣ ጢቅ ጢቅ ትላለች።»

«ጢቅ ነው ወይስ ቋ?»

መምህር ጌታቸው አንገታቸውን ወደ ሞተሩ አሰገጉ። «ጢቅ አይባልም። አጣርታችሁ ስሙ፤ ቀጭ ነው። መጨረሻው ላይ ጨ አለች።»

«ኧረ መምህር!» አሉ ሐጂ። «መርካቶ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች መሀል ሠላሳ ዓመት የከረመ ጆሮ ነው ይሄ። ጠቋ ነው የሚለው፣ ጠቋ!»

ጋሽ ተሾመ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው «እኔን የሚሰማኝ ቀረ፣ ቀረ፣ ቀረ የሚል ነው» አሉ።

ሠርጉን ማለታቸው ነው። ማንም አልሳቀም።

ሶል በስልኩ ውስጥ «ነዳጅ ስትሰጫት ይፈጥናል?» አለኝ።

«ይፈጥናል።»

«በቃ ቢዬላ መትታለች። አጥፊያት! አንድ እርምጃ እንዳትነጃት፣ ሞተሩን ትበሳዋለች። ወርዶ መከፈት አለበት።»

ቢዬላ ማለት ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለ ፒስተኑን የሚገፋ ብረት ነው። በደብተሬ ላይ ከቢዬላ ትይዩ የጻፍኩት «ከሩቅ ያድርግልን» የሚል ብቻ ነበር። አጠፋኋት። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ከሃያ አምስት።

ታክሲ ለመለመን ወጣሁ። የሚያልፈው ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዱ ቆሞ «አንድ ሰው!» አለ። ጋሽ ተሾመ ግን «ሽማግሌ ተቆራርጦ አይገባም፤ ከገባን ሦስት ሆነን ነው» አሉ። ታክሲው ሄደ። እንባዬ መጣ።

ያኔ ነው ከሥር በኩል አንድ ሽማግሌ ዳገቱን ሲወጡ ያየሁት። ከዘራ ይዘዋል፣ ትልቅ ጥቁር ቺንጋ፣ ሞተር የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ እንደ ሜዳሊያ ትከሻቸው ላይ አጥልቀዋል። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው መሆናቸው ነው፤ የተበጠሰ ቺንጋ ሊቀይሩ ወርደው እየተመለሱ ነበር። በኋላ እንደነገሩን ስማቸው ኦቦ ቶሎሳ ነው።

የኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ሰላምታ፣ ቁጥር፣ የሽንኩርትና የድንች ስም። ሰላምታዬ ግን ያምራል፤ በእሱ እኮራለሁ። «አከም ቡልተኒ፣ አባ ኮ!» አልኳቸው ከነወዙ። ፊታቸው በራ። ቋንቋውን የማውቅ መስሏቸው በኦሮምኛ ዝርግፍ አደረጉት። እኔም አልገባኝም ማለት አፈርኩና «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ አዎ አዎ እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ከአረጋውያኑ መሀል የሚተረጉም ቢፈለግ ደግሞ፣ መምህር ግዕዝ፣ ሐጂ ዓረብኛ ነው የሚያውቁት።

ኦቦ ቶሎሳ ቺንጋቸውን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀመጡና በእጃቸው ቁልፍ የማዞር ምልክት አሳዩኝ። አስነሺያት ማለታቸው ነው።

ወደ ጋሽ ተሾመ ዞርኩ። «ሶል ሞተሯን ትበሳዋለች ብሏል።»

«የእኔ ልጅ፣ እዚህ ቆማም ቢሆን የዳንኤልን ጎጆ እየበሳች ነው። አስነሺያት።»

አስነሳኋት። ጢቅ ጢቅ ጢቅ። ሽማግሌው የከዘራቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳረፉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አዳመጡ። ከዘራዋን ወደ ግራ ወሰዷት፣ አዳመጡ። ወደ ኋላ፣ አዳመጡ። ከዚያ ከፊት በኩል ሲያሳርፏት ዓይናቸው ቦግ አለ። በእጃቸው ጠሩኝና ጮክ ብለው፦

«ዳጋይ! ዳጋይ!» አሉኝ።

ይህቺን ቃል አውቃታለሁ! ዳጋ ድንጋይ ነው። የሰፈሬ ሹፌሮች ዳገት ላይ ሲያቆሙ የሚጯጯኹባት ቃል ናት። እኛም ዳገት ላይ ነን፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ የእጅ ፍሬኔ ደካማ ነው። መኪናዋ ልትንሸራተት መሆኑን አይተው ነው ብዬ ነፍሴ ወጣች።

«ድንጋይ! ድንጋይ አምጡ! ልትሄድ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ መንገዱ ዳር ተበተኑ። እኔ አንድ ድንጋይ ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቅሁ።

ኦቦ ቶሎሳ በመገረም አዩኝ። «ዳጋይ!» አሉ ደግመው፣ በከዘራው እያመለከቱ።

ሌላ ድንጋይ አመጣሁ።

«ዳጋይ ካ!»

መምህር ጌታቸው ሁለት ድንጋይ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ሐጂ አንድ በሆዳቸው አቅፈው መጡ። ጋሽ ተሾመ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው፣ በዚያ በጥቁር ካፖርታቸው ትከሻ ላይ የእህል መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመው እያለከለኩ ብቅ አሉ። አራቱም ጎማ ታጠረ። ኦቦ ቶሎሳ ግን አሁንም በከዘራው ወደ ሞተሩ ያመለክታሉ።

በመጨረሻ ኦቦ ቶሎሳ ሞተሩን ትተው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፦

«ልጄ፣ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ?» አሉኝ።

የራሳቸውን ጆሮ ያዝ አድርገው ጎተቱት። «ዳጋይ፤ ስሚ! ስሚ ነው የምልሽ። ድንጋይ ማን አምጪ አለሽ?»

ለካስ በኦሮምኛ ስሚና ድንጋይ ጎረቤት ናቸው። ሐጂ ሙስጠፋ ያቀፉትን ድንጋይ ሳይጥሉ መሬት ቁጭ ብለው መሳቅ ጀመሩ። ጋሽ ተሾመ ግን ድንጋዩ ትከሻቸው ላይ እንዳለ «ታዲያ ይሄን የት ላድርሰው?» አሉ።

እያፈርኩም እየሳቅሁም ከዘራዋን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኋት። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የሞተሩ ሆድ ላይ ሳሳርፋት ልክ እንደ ስፌት መኪናዬ የተስተካከለ፣ ሰላማዊ ድምፅ ነው ያለው። ወደ ፊት፣ ቺንጋው ወዳለበት ስወስዳት ግን ጢቅ! ጢቅ! ጆሮዬን መታኝ።

«ሰማሽ?» አሉኝ። «ሆዷ ደህና ነው። የታመመው መቀነቷ ነው።»

መቀነት ያሉት ቺንጋውን ነው። ሞተሩን አጥፍተን በስልኬ መብራት አየን። ቺንጋው ውስጡ እንደ እርሻ ፈር ትልም ትልም ነው። አንደኛዋ ትልም ውስጥ አንዲት ነገር ተሰንቅራለች። ካቻቢቴዬን ከሳጥኔ አወጣሁና ሰጠኋቸው። ኦቦ ቶሎሳ ቀስ ብለው ቆፈር ቆፈር አደረጉና ሽምብራ የምታህል ጠጠር መዳፌ ላይ ጣሉልኝ።

ጠጠሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በጎማው ሥር ያጠርኩትን አጥር አዩ።

«ዳጋ» አሉ። «አሁን ድንጋይ ነው ያልኩሽ።»

ያኔማ ማን ይያዘን። መምህር ጌታቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

ኦቦ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩ። «ይቺ ልጅ ቀሚስ የላትም እንዴ? አስፋልቱ እኮ ይታያል። እዚህ የሚታሰር ክዳን ነበረ፤ ጠጠር የሚከለክል።»

«ዶሮዎቼ ጋ ነው» አልኩ።

አስነሳኋት፤ ጢቅታ የለም። ዝም። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሦስት ሆኗል። ድንጋዮቹን ወደ ዳር አንከባለልንና ኦቦ ቶሎሳን ከኋላ በመምህርና በሐጂ መሀል አስቀመጥኳቸው። ወፍጮ ቤታቸው መንገዳችን ላይ ነው። ስናወርዳቸው ምስጋናችንን እንኳ በወጉ አልተቀበሉም። «ልጁ ከተሳካለት የሠርጉን እህል እዚህ አምጡ» ብለው ቺንጋቸውን አንግተው ገቡ።

አቶ በላይ ደጅ ስንቆም ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገቡ። እኔን ሃና በጓሮ በኩል አስገባችኝና ሁለታችን የጓዳው በር ላይ ጆሯችንን ለጠፍን።

ሽማግሌ ተቀመጡ ካልተባለ ቆሞ ነው የሚናገረው። አቶ በላይ ተቀመጡ አላሉም። ድምፃቸው እንደ ተቆለፈ በር ነው። «ዛሬስ በሰዓቱ መጣችሁ» አሉ ብቻ። ቀጥሎ ግን ድምፃቸው ተለወጠ፦ «ጋሼ፣ ትከሻዎት ላይ ምንድን ነው? አፈር ነው?»

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። የጋሽ ተሾመ ጥቁር ካፖርት ቀኝ ትከሻው በቀይ አፈር ተለውሷል። ማናችንም አላየንላቸውም ነበር።

«አፈር ነው፤ ድንጋይ ተሸክሜ ነው» አሉ ጋሽ ተሾመ።

እውነታቸውን ነው። ግን ድንጋይ ተሸክሞ መምጣት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አጥፍተናል፣ ይቅር በለን ማለት ነው። ደም የተቃባ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

አቶ በላይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ድንጋይ? እርስዎ? እኔ ደጅ?»

ጋሽ ተሾመ አንገታቸውን ደፉ። ምን እያሰቡ እንደነበር እስካሁን አልነገሩኝም። መምህር ጌታቸው እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩ፤ እሱም አፈር ነው። «እኔ ሁለት ነው የተሸከምኩት» አሉ።

«ነውር ነው! ነውር ነው!» አሉ አቶ በላይ። «ለአንድ ሰዓት መዘግየት እናንተን የሚያህሉ ሰዎች ድንጋይ አሸከምኩ? ተቀመጡ! እባካችሁ ተቀመጡ! ይቅር ብያለሁ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ!»

ሃና በጓዳ እጄን ጨመቀችው። ነገሩ በዚሁ ያልቃል ካላችሁ ግን ሐጂ ሙስጠፋን አታውቋቸውም። ሐጂ በውሸት የተገኘ ምርቃት አይወዱም። ከተቀመጡ በኋላ ጥቂት ታገሱና «አቶ በላይ፣ ድንጋዩስ እውነት ነው፤ ግን የተሸከምነው ሌላ ሰው ሾፌራችንን ስሚ ስላላት ነው» ብለው ከጢቅታው ጀምረው እስከ ሽምብራዋ ጠጠር ድረስ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩት። የዶሮዎቹንም ነገር ጨመሩበት።

ከዚያ የሰማሁት የአቶ በላይን ሳቅ ነው። ወፍራም፣ ጠረጴዛ የሚመታ ሳቅ። ሲያበቁ «እንዲህ የሚስቅ ቤት ከሆነ ልጄ ትግባ» አሉ። «ግን ያቺ ሾፌራችሁ ትምጣና ጠጠሯን ታሳየኝ።»

ወጥቼ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ መብራቱ አደረጓትና «የሰው ዕድል በዚች ላይ!» አሉ።

የሠርጉን ስንዴም ጤፍም ኦቦ ቶሎሳ ወፍጮ ቤት አስፈጨን። እሳቸውም ሠርጉ ላይ መጡ። ገና ከበር ሲያዩኝ ጆሯቸውን ጎተት አደረጉልኝ፤ እኔም ጆሮዬን ይዤ መለስኩላቸው። እስከ ዛሬ ሰላምታችን እሱ ነው።

አሁን ሳስበው አላፍርም፤ ደስ ይለኛል። ደብተሬ ውስጥ ያን ቀን የጻፍኩት መስመር አለ፦ «ጢቅ ጢቅ፦ መጀመሪያ ስሚ።» መኪናም ሆነ ሰው ድምፅ ሲያሰማኝ መልሱን አውቃለሁ ብዬ ከመሮጤ በፊት ጆሮዬን እሰጣለሁ። ኦሮምኛዬም ከሰላምታ አልፏል፤ ያልገባኝን «አልገባኝም» ማለትም ተምሬአለሁ።

ዳንኤል በሠርጉ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ልብስ ለብሶ መጣ። ጓሮ ገባ፣ ፕላስቲኩን አንስቶ በሳሙና አጠበው። መኪናዋ ሥር ተኝቶ በአዲስ ቡሎን መልሶ አሰረው። ለዶሮዎቹም የገዛላቸውን ሳህን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ጥሬ ሞልቶ፣ አስቀመጠላቸው።